ስምንተኛዋ ምት

እኔ ትሮምቦን ነፊ፣ ከኋላ ረድፍ ነኝ፤
ጉልበቴን ብርድ በልቶት ስራመድ የሚያመኝ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በዓሣ ፋብሪካው በር፣
የሰው መግቢያ መውጫ ስጽፍ የኖርኩ ነበር።
ኢላንጎን ያወቅኩት በካርዱ ቁጥር ነው፤
መቶ አርባ ሁለት፤ ስሙን ማን ሊጠራው?

ከጃፍና የመጣ፣ ከጦርነት ሸሽቶ፣
ነጭ ቱታ ለብሶ፣ ቢላዋ ተሰጥቶ፣
የዓሣ ሆድ ይቀዳል ከንጋት እስከ ማታ፤
ጣቱ ግን አያርፍም፣ በምሳም እፎይታ።
ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ሳህኑ ላይ፣ ጭኑ ላይ፣
ታ ካ ዲ ሚ ታ ኪ ታ፣
የሚያዋየው ያጣ ሰው ከራሱ ሲወያይ።
«ምን ይቆጥራል ይሄ?» አለ አንዱ ቀና ብሎ።
«ደሞዙን ነዋ!» አለ ሌላው ተቀብሎ።
እኔም ስቄአለሁ። አልደብቅም።

በጨለማው ወራት፣ ፀሐይ በማትወጣበት፣
ከበሮ መቺያችን ሃልዶር ወገቡ ተሰበረ፣ በረዶ አንሸራቶት።
ማርሽ ያለ ከበሮ፣ ሰው ያለ አከርካሪ!
ኦድቫር፣ የባንዱ መሪ፣
በየቤቱ ዞረ፤ እምቢ አለ ወጣቱ፤
ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሆነበት ተረቱ።
ያኔ ነው እኔ፣ የዚያ ሳቅ ዕዳ ከብዶኝ ይሁን፣
«መቶ አርባ ሁለትን ብንጠራውስ?» ያልኩት፤
ስሙን ገና አልያዝኩም ነበርና።

መጣ። የራሱን ከበሮ አቅፎ መጣ፤
ሁለት ፊት ያለው፣ በጠፍር የተወጠረ፣
እንደ ሕፃን ከብርድ ልብስ ተፈትቶ የወጣ።
ግራ ፊቱ ሊጥ ይፈልጋል፣ ድምፁ እንዲወፍር፤
እኛ ገንፎ የምናገነፋበትን ሰሞሊና
በውኃ ለውሶ ለጠፈበት። ኦድቫር ሲያይ ቆየና፣
«ከበሮም ቁርስ ይበላል?» አለ።
ለማርሹ ግን ትልቁን የሰልፍ ከበሮ ደረቱ ላይ አሠርንለት።
«ግራ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ። ሌላ ነገር የለበት።»

ወራቱን ሙሉ ግራ ቀኝ መታ፤
አንድም ቀን አልሳተ፣ አንድም ቀን አልተቆጣ።
ግን እኔ ከጎኑ ነኝ፤ እሰማዋለሁ፤
ጉንጩ ውስጥ የታመቀ ሌላ ቁጥር አለው።

በግንቦት፣ በበዓሉ ቀን፣ በረዶ እየጣለ፣
ድልድዩ ጋ ስንደርስ ያ ቁጥር ገነፈለ።
ሰባት መታ። ስምንተኛዋን
አየር ላይ ተዋት።

እግራችን ተንጠለጠለ። ክላርኔቱ ተደናበረ።
«ድሮስ ባዕድ!» የሚል ቃል ከዳር ተወረወረ።
ከዚያ እግራችን ወረደ፣ ሁሉም ባንድ ላይ፣ ጧ!
አንዲት አሮጊት ሳታስበው ዘለለች፣ ከነዱላዋ።

በልምምድ ዕለት ኦድቫር ፊቱ ቀልቶ፣ «ለማን ነው የተውካት?»
ኢላንጎ ቋንቋችንን እንደ ሳንቲም ከኪሱ ለቃቅሞ አወጣት፤
«እናንተ ትነፋላችሁ፣ አየር ትስባላችሁ።
ከበሮም ይተንፍስ እንጂ! ለምን ታፍኑታላችሁ?»
ኦድቫር ጢሙን አኘከ። ኖታው ላይ ምንም አልጻፈ።
በዓመቱ ግን፣ ድልድዩ ጋ፣ በትሩን አነሳና አሳለፈ።

አሥራ አራት ግንቦት።
እኔ ስሙን አጠራር፣ እሱ የኛን የዝምታ ቀልድ፤
ማን ማንን እንዳለመደ እንጃ።

ፋብሪካው ሲዘጋ የመጨረሻውን ካርድ እኔው ቀደድኩ።
እነ ኢላንጎ ወደ ኦስሎ፤ ትራም ይነዳል። እኔ ቀረሁ።
ከበሮውን ሲንድሬ ወሰደው፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፤
ጎበዝ ነው፣ ከወረቀቱ ዝንፍ አይልም እንጂ።
ድልድዩ ጋ ደርሰን፣ ስምንተኛዋን መታት፤
ሠላሳ ሁለት ሰው ተደናቀፈ ባንዲት ቅጽበት።
«የቱ ጋ ነው የሳትኩት?» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፤
ኖታውን አገላበጥን። የለም።
እግራችን ውስጥ ኖሯል ለካ ተቀብሮ።
«አልሳትክም» አልኩት። «እዚህች ድልድይ ላይ ግን
እኛ ሌላ አገር ነን።»

ዘንድሮ ስልኬን ከፍቼ ደረት ኪሴ ከተትኩ፤
ሰባት፣ ከዚያ ያቺ ባዶ፣ ከዚያ ጧ! ኦስሎ ድረስ አሰማሁ።
ከወዲያ ዝምታ። የትራም ደወል።
ምስጋና ጠበቅኩ፣ ወይም ሲቃ።
ጉሮሮውን ጠረገና፣
«ቶርዲስ» አለኝ፣ «ትንሽ ቸኩላችኋል።»