መሰለ

ክሊቭላንድ፣ የካቲት። ከሐይቁ የተነሣ ነፋስ
የምድር ቤቱን መስኮት አንኳኩቶ ሲመለስ፣
እኔና ፒሮሽካ ጎን ለጎን ተቀምጠን
የማናውቀውን ሰው ፊት እንለቅማለን፤
እንደ ምስር፣ አንድ በአንድ፣
ፍሬ ይሁን ጠጠር በዓይናችን ስንፈርድ።

ንግሥቲቱን ማን ያጣታል? ፈረሰኛውን ማን ይስታል?
ስማቸው ገና ሲጀመር በትልቅ ፊደል ተጽፏል።
የእኛ ሰው ከኋላ ነው፦
ሰሃን ይዞ የሚያልፈው፣
ባቡር ጣቢያ ዣንጥላዋን ልትዘረጋ ስትል የምትቆረጠው፣
ተኩስ ሲከፈት ከሁሉ ቀድሞ የሚወድቀው
(እሱ እንኳ በሦስት ፊልም ሞቶ፣ በአራተኛው ቢራ ቀጂ ነው)።

ፒሮሽካ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ አይሰማም፤
በስድስት ዓመቷ ትኩሳት ወስዶታል፤ አታማርርም።
ድምፅ አልባ የሚሉት ፊልም ለእሷ ድምፅ አልባ አይደለም።
ከንፈር ታነባለች።
ከፊት ያለው ጎበዝ ተንበርክኮ ፍቅሩን ሲምል፣
ከኋላው አንዱ «ጫማው ጠበበኝ፣ ፌሪ» ሲል፣
እሷ መሐላውን ትታ ፌሪን ትይዛለች፤
«ፌሪ፣ ከግራ ሁለተኛ» ብላ ካርድ ላይ ታሰፍራለች።
እንዲህ ነው ሰው የምናገኘው፤ በእግር ሕመም፣ በብድር፣ በሐሜት።
ኦርሾያን ያገኘናት ሰርግ ላይ ነው፤ ሰርጉ የውሸት፣
አበባው የወረቀት፤
«ኦርሾያ፣ ዳቦ ጨመረ» አለቻት አንዲት ሚዜ፤
የዳቦው ዋጋ ግን እውነት ነበር ያን ጊዜ።

ማክሰኞ ማታ አንድ ጥቅል መጣ፤ ርዕሱ የተቀደደ፣
ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት፣ ጠርዙ የተጨማደደ።
ቪየና ዳር በካርቶን የታነጸ የፈርዖን ግቢ፤
ከዙፋኑ ኋላ ማራገቢያ የያዘ ጥቁር ሰው፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን፤
ዐሥራ አንድ ሰከንድ ብቻ ያሳየናል ፊቱን።
ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።
ፒሮሽካ መለሰችው፤ አየች፤ ደገመች፤
«አላውቀውም ይኼን አፍ፤ ያንተ እንደሆን» ብላ ጻፈች።

ተጠጋሁ።
የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ክንዱ ዝሎበታል፤
«ሞቀኝ» ይላል። በአማርኛ፤ ሞቀኝ ይላል!
ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በበረዶ አገር፣ ሹራብ በሹራብ ደርቤ፣
የሰውየው ላብ በእኔ ጀርባ ወረደ፤ ሳቀ ልቤ።

ቀጥሎ ግን ወደ ግራ፣ ወደ ሌላው ማራገቢያ ያዥ ዞሮ
አንዲት ቃል ጣለ፤ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ከፍቶ፣ ደግሞ አሳጥሮ።
«መሰለ» አለ? ጓደኛውን በስሙ ጠራ?
ወይስ «በሰለ» አለ፤ ከካርቶኑ ግንብ ጓሮ
ድስት ሸቶት፣ የምሳ ነገር ሊያወራ?
«መ» እና «በ» ከንፈር ላይ መንትዮች ናቸው፤
የሚለያቸው አፍንጫ ነው፤ የአፍንጫን ሥራ ደግሞ ዓይን አያይም፤
ድምፅ ካልሰጧቸው እናታቸውም አትለያቸው።
ግራ ያለው ሰውዬ ዞሮ ፈገግ አለ።
ምን ይረዳኛል? ሰው ሲጠሩት ይዞራል፤
ምሳ ደረሰ ሲሉትም ይዞራል።

ካርዱ ባዶ ነው። «መሰለ» ብዬ ብሞላው
ምናልባት ድስት ክርስትና ማንሣቴ ነው፤
«በሰለ» ብዬ ብተወው
ወዳጁ በስሙ የጠራውን ሰው ዳግም መቅበሬ ነው።
ደግሞ ስሙን ራሱን እዩት፤ መሰለ እንጂ ሆነ አይልም።

ሁሉንም ለፒሮሽካ ጻፍኩላት።
ሳቀች፤ ሳቋ ድምፅ አለው፣ እሷ ባትሰማውም።
ሁለቱንም በላቸው አለችኝ በጣቷ። አልኩላት፤ ዝግ ብዬ።
ከንፈሬን አፍጥጣ አየች፣ ራሷን ነቀነቀች።
ከዚያ በራሷ አፍ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣
ከንፈሯን ገጥማ ከፈተች፤ አንዱን አለችው።
የትኛውን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

መጨረሻው አውቶቡስ ሊያመልጠን ነው። ቢሆንም
ጥቅሉን መልሰን ከላይ ጀመርነው፤
ግራ ያለው ሰውዬ እንደገና ዞረ።