ፀሐዩ ፀ

በነሐሴ፣ ከደብረ ሲና ወጣሁ፣ ቆሎ ገዝቼ በወረቀት፣
(የልጅ ፈተና ነው፣ ከዐሥር ሦስት ያገኘበት፣)
ኪሴ ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ፣ እንደ ልማዴ፣ እንደ ጥንቱ፣
ወደ ወፍ ዋሻ ዞርኩኝ፣ ወደ አንተ፣ በሰባት ዓመቱ።

የጥበቃዋ ሴት፣ ወይዘሮ ጥሩአየሁ፣ ጫካው አፍ ላይ ጠበቀችኝ፤
"በዚህ ጫማ?" አለች። ሌላ አልጨመረችም። ዱላዋን አዋሰችኝ።
"ሳማውን እንዳትነኪ" ብላ ሳትጨርስ ሳማው ለበለበኝ።

ወጣን።
ጽዱ ከላይ ሰማይ ዘግቶ፣ ዝግባው ከሥር ጨለማ አዝሎ፣
ኮሶው የሚላጥ ቀይ ቅርፊቱን እንደ አሮጌ ቆዳ አንጠልጥሎ፣
ከየግንዱ የተንዠረገገው የዛፍ ሽበት ውኃ ይተፋል፤
ዝናብ አይደለም፤ ጉሙ ነው፤ ቅጠል ላይ ቆይቶ ይረግፋል።
ጉሬዛው ነጭ ካባውን ለብሶ፣ ቁልቁል አይቶ ገላመጠን፣
አንድ ፍሬ ጣለና፣ ምንም እንዳልሆነ፣ ጀርባውን ሰጠን።

ዳገቱን በፊደል ቆጠርኩት፤ ሰባት እርምጃ፣ አንድ ቤት፤
ከሀ እስከ ነ እንደ ምንም፤ ኘ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ዐረፍኩበት።

ታስታውሳለህ? ያን ፎቅ፣ ማተሚያ ቤቱን፣ ስተይብልህ እስከ ማታ፣
ከትከሻዬ ኋላ ቆመህ፣ ለአንዲት ፊደል ስትቆጣ፦
"አንቺ ልጅ! ጸሐፊ በጸሎቱ ጸ ነው፣ በሐመሩ ሐ፤ ስንቴ ልንገርሽ?
ፀሐዩን ፀ ለፀሐይ ተዪላት፤ ለምን ሰው ቤት ታስገቢያታለሽ?"
ስምህን ስትፈርም እንኳ እጅህ በዝግታ ይሄድ ነበር፣
ገደል አፋፍ ላይ እንዳለ ሰው፣ እግሩን አይቶ እንደሚሻገር።
ሦስት መጽሐፍ። አንዱ ተሸጠ፤ ሁለቱን መጋዘን ውስጥ አይጥ ጨረሰ፤
አራተኛው መቶ ሠላሳኛው ገጽ ላይ፣ ዓረፍተ ነገር መሐል፣ ፈረሰ።

መንገድ ላይ ጠየቅኋት፣ "ያውቁት ነበር?" — "እንዴት አላውቀው!
ማመልከቻ ጸሐፊያችን! ይሄ ቦቲ በሱ ብዕር ነው የመጣው፤
አራቴ ወረዳው ጣለብን፤ በአምስተኛው ጫማው ወጣ።"
"መጽሐፍስ?" ስላት፣ "እሱንም ይሞክር ነበር አሉ" አለች፣ እግሬ ከጭቃው ሳይወጣ።

ከአስታው በላይ፣ ጉብታው። ነፋስ። ሽበት ያለበሰው አንድ ደንጊያ።
በጥፍሬ ፋቅሁት። ስምህ ወጣ፤ አጥላባቸው። ከሥሩ፣ ጠራቢው በመሮ፣ በጥንቃቄ፣ ያለ አንዳች ይቅርታ፦

ፀሀፊ

ፀሐዩ ፀ! ሀሌታው ሀ! በአንድ ቃል ሁለት ስሕተት!
ሣቅሁ ብል ውሸት ነው፤ አለቀስኩ ብልም እንደዚያው፤ እንጃ፣ ቆምኩበት።
ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ደንጊያው እርጥብ ነው፤ ቀለሙ ይሸሻል።
ደግሜ ጫንኩት። ይሸሻል።

"ምኑ ነው ጥፋቱ?" ጥሩአየሁ ከኋላዬ ጠየቀች።
"ይቺ ፊደል የፀሐይ ናት፤ የሱ ሌላ ነበረች።"
ቀና አለች። ጉሙ ገደሉን ሞልቶ ወደ እኛ ይጨሳል።
"ከሰኔ ወዲህ ፀሐይ እዚህ ደንጊያ ላይ አልመጣች፤
ይቺን አንዷን እንኳ ተይለት" አለች።

እስክሪብቶውን ኪሴ ከተትኩ።
ቆሎውን ተካፈልን፤ ለአንተም ጥቂት በተንኩ።
ወረቀቱ ረጥቦ የአስተማሪው ቀይ ምልክት ሁሉ ሟሙቷል፤
ልጁ አሁን ስንት እንዳገኘ ማን ያውቃል?

ስንወርድ፣ ከጥበቃ ቤቷ ደጃፍ፣ "አንድ የምትጽፊልኝ አለ" አለች፤
"ጣሪያው ያፈሳል።" ቀዩን ሳወጣ፣ "በዚህ አይሆንም" ብላ ከቀሚሷ ኪስ ሰማያዊ አወጣች።
ጉልበቴ ላይ ደብተሬን ዘረጋሁ። *ለሚመለከተው ሁሉ* ብዬ ጀመርኩ።
ጠብታው ከጣሪያው አንገቴ ላይ ይወርዳል።
እጄ በዝግታ ይሄዳል።