ክሩ ሲጠይቀኝ

ግባ ረድዋን ግባ፤ በሩ ዝቅ ይላል፣ ጎንበስ በል እንዳይመታህ፤
ያን ሁሉ ሽቦ ተሸክመህ፣ ከግቢ እስከዚህ በእግር መጣህ?
ዕቃህን አልጋው ላይ አኑር፤ ጠረጴዛዋ አንካሳ ናት፣
እንደ እኔው፤ ካርቶን አጥፌ በአንድ እግሯ ሥር ደገፍኳት።

ይቺ ናት አልክ? ይቺ ቀጭን፣ ጥቁር፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ?
እኔ ደግሞ ሴንሰር ሲሉኝ፣ ጠብቄ ነበር ብረት፣ መብራት፣ ማስፈራሪያ።
ላስቲክ ላይ የከሰል ዱቄት ቀብተህ፣ ከጥጥ ጋር ፈትለህ፣
ስትለጠጥ ኤሌክትሪኩ ይከብደዋል፣ ስትሰበሰብ ይቀለዋል ብለህ
ነገርከኝ፤ ገባኝም አልገባኝም፣ ራሴን ነቀነቅሁልህ።

እኔ ክርን ለማወቅ፣ መጽሐፍ አልገለጥኩም ልጄ፤
ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሲያወራ ኖረ ከእጄ።
ሽመና ክፍል፣ ሦስተኛ ሺፍት፣ ቦርከና ላይ ጉም ሲተኛ፣
ድር ሊበጠስ ሲል ሹክ የሚል፣ ጣቴ ነበር መልእክተኛ።
ጆሮማ በማሽኑ ጩኸት፣ ገና በመጀመሪያው ዓመት ሄዷል፤
ዐይንም በጥጡ ብናኝ፣ ጎሕ ሳይቀድ ይጋረዳል።
ጣት ግን የላላውን ያውቃል።
በጥርስ፣ በጥፍር፣ በምራቅ፣ ቋጥሬ እቀጥል ነበር፤
ፎርማኑ ይማም ደግሞ፣ በመዝገቡ ይቆጥር ነበር፣
የተቀጠለውን አይደለም፣ የተበጠሰውን ነገር።

ሀረጎን ስንወርድ፣ አንድ ማለዳ፣ ሚኒባሱ እየታጠፈ፣
ረዳቱ «ሒሳብ» ሲለኝ፣ ብሩ ከእጄ ረገፈ።
«አንሺው እንጂ» አለኝ ልጁ፤ ማን ያንሳው? ቀኝ እጅ የለም፤
አለ፣ ጭኔ ላይ ተኝቷል፤ የእኔ ግን አይመስለኝም።
ደሴ ሆስፒታል ገባሁ፤ ሐኪሙ ጣቴን በመርፌ ወጋ፤
«ይሰማሻል?» «አዎ።» «አንቀሳቅሺው።»
እንዲህ ስንባባል መሸ፣ ነጋ።

ዛሬ አንተ የመሀል ጣቴን፣ በዚያች ክር ጠቀለልካት፤
ጫፍና ጫፏን በፕላስተር፣ ከስልክህ ጋር አገናኘሃት።
ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር፣ አረንጓዴ፣ ጸጥ ያለች፣
እንደ ቦርከና በበጋ፣ መሬት ለመሬት ተኛች።
«በሉ እማማ ጦይባ፣ እጠፏት።»

አጠፍኳት፤ በሐሳቤ ማለት። ጣቴ እንደ ተዘጋ ሱቅ ዝም።
አየኋት፣ አየሃት፤ በዐይን የሚታይ የለም ምንም።
መስመሯ ግን፣
ያቺ መስመር፣
የጤፍ ፍሬ ታህል
ከፍ አለች።

«ቆይ» አልክ። አላመንካትም። በደጅ በኩል ወደ ሚሌ
ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ ሲያልፍ፣ ይንቀጠቀጣል ክፍሌ።
«መኪናው ይሆናል» አልክ። እውነትክን ነው፣ ደግ አደረግክ፤
ቶሎ ከሚያምን ሐኪም፣ ተጠራጣሪ ልጅ ይባረክ።

ተሳቢው አለፈ። ሌላው ተከተለ።
የጎረቤት ቴሌቪዥን እንኳ፣ መብራት ሄዶ ዝም አለ።
ጠበቅን።
አጠፍኳት። ከፍ አለች።
ለቀቅኳት። ዝቅ አለች።
ሦስት ጊዜ።

«አብሽሩ!» አልክ፤ ድምፅህ ተሰነጠቀ።
እኔ ግን አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ፤ ከእኔ ከባለቤቷ ተደበቀ?
ስንት ወር እዚያ ውስጥ ሆና፣ ስትታጠፍ፣ ስትቃና፣
ለማን ነበር የምትነግረው፣ ሰሚ እንደሌለው ዜና?
ድሮ እኔ ክሩን ስጠይቅ፦ «ይዘሃል ወይስ ላልተሃል?»
ዛሬ ክሩ ጣቴን ሲጠይቅ፦ «ነቅተሻል ወይስ ተኝተሻል?»

ከዚያ ፈታሃት። አንድ ብቻ ናት፤ ሐሙስ ለመምህራን ታሳያለህ።
«በሳምንቱ እመለሳለሁ» አልክ፤ እንጃ፣ ካለፍክ ትረሳለህ።
ጫፏን ሳየው ግን፤ ረድዋን፣ ይኸ ቋጠሮ ነው እንዴ?
መምህሩ ለጠጥ ካደረገው፣ ይፈታብሃል በአንዴ።

አምጣው።

አንዱን ጫፍ በጥርሴ፣ ሌላውን በግራ እጄ፣
መሀሉን ቀኝ መዳፌ ላይ፣ በዚያች በመሀል ጣት አስደግፌ፣
የሸማኔ ቋጠሮ፣ ጠፍጣፋ፣ በመርፌ ቀዳዳ የሚሾልክ።
ስቤ አጠበቅኩት።

ረድታኝ ይሁን፣ እንዲሁ ተጋድማ ይሁን ያቺ ጣት፣
እኔ አላውቅም። አንተም አላየህ፤
ስልክህ ባትሪ ጨርሶ ነበር።