ሁለት ጊዜ የተቆጠርኩት

ሐምሌ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ግብር ነው ወቅቱ፤
ጭቃውን ተሸክሞ ይጓዛል አዌቱ።
ከሂርማታ ዝቅ ብሎ፣ እንጨት ሲጋዝ ሲለፋ፣
ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ቀን የምገፋ፣
ነዚፍ እባላለሁ። የበርጩማ እግር ላጊ፤
ፓርቲ የማላውቅ፣ ቀለብ ብቻ ፈላጊ።

የጌታዬ የጋሽ ተማም አማች
ሽኩር መጣ፤ ጃንጥላው እያንጠባጠበ
የቀን ገቢ ግምቱን ጮክ ብሎ አነበበ።
«ሦስት ሺህ ብር በቀን! የት ያየሁትን ብር?
ይሄ ግብር ነው ወይስ የቁም ቀብር?
ሱቅ ይዘጋል ነገ፤ ማን ሠራተኛ ይቀጥራል?
ይኸው ይሄም ልጅ ሜዳ ላይ ይቀራል።»

ጋሽ ተማም መጋዙን አቆመ።
«መንገዱ የሚሠራው በምንድን ነው? በምራቅ?
መብራቱስ የሚበራው በአንተ ፓርቲ ሳቅ?
ይህ ልጅ የሠለጠነው በማን ብር ሆነና?
ሥራ ፈጠርንለት፤ ዝርዝሩ ላይ አለና!»

አንዱ በቀኝ ጣቱ፣ ሌላው በግራ ጣቱ፣
እኔን ጠቆሙ ሁለቱ።
የጠየቀኝ ግን የለም።
አንገቴን ደፍቼ ሦስተኛውን እግር ስፈትግ፣
ከራስጌዬ ጩኸቱ እንደ ጎርፍ ሲያድግ፣
ገረመኝ፤ ከአንድ ግንድ ወጥቶ፣ ያለ ሚስማር፣ ያለ ሙጫ፣
ሦስቱ እግር ተስማምቶ ይሆናል መቀመጫ።

ቅዳሜ በአዳራሹ፣ በነጋሽ ተማም ስብሰባ፣
«ሥራ ካገኙት» ውስጥ ስሜ ቁጥር ሆኖ ገባ።
እሁድ በእነሽኩር ቤት ሌላ ወረቀት ወጣ፤
እዚያም አለሁ፦ «በግብር ምክንያት ሥራ ያጣ።»
ሰኞ ጠዋት ግን እኔ፣ ነዚፍ፣ ያው አንዱ ነኝ፤
የሰኔው ደሞዜ ገና አልተከፈለኝ።
አከራዬ ወይዘሮ ዘቢባ በሬን ስታንኳኳ
የየትኛው ፓርቲ ናት? አልጠየቅኳትም እንኳ።

ሐምሌ ሃያ ዘጠኝ፣ ከገቢዎች ደጃፍ፣
ሰልፉ ባጃጅ ተራን ዞሮታል እንደ ጅራፍ።
መሐሉ ላይ አየሁ ጋሽ ተማምን ከሽኩር፣
በአንድ ጃንጥላ ሥር፣ ዝም ያለ ድንጋይ ክምር።
ሽኩር ብር ይቆጥራል፤ ጎድሏል የተማም ግብር።
«መቼ ትመልሳለህ?»
«ቡና ሲለቀም፣ ኅዳር።»
የመንገድ ወሬ የለ፤ የቀብር ወሬ የለ፤
«ወገቤን» አለ ተማም። ሽኩርም «እኔም» አለ።

ሮጥኩ።
ያልተሸጡ በርጩማዎች፣ ስምንት፣ ባጃጅ ላይ ጭኜ
ተመለስኩ በስብሼ፣ ግማሽ ጭቃ ሆኜ።
«አረፍ በሉ! አሥር ብር! ለሰዓት አሥር ብር!»
ፀጉር አስተካካዩ፣ የበርበሬ ነጋዴዋ፣ ሽኩር ጭምር
ከፍለው ተቀመጡ። ጋሽ ተማም ግን
«የገዛ በርጩማዬን!» ብሎ አፈጠጠብኝ።
«የሰኔው ደሞዝ» አልኩት። ፊቱን አዙሮ፣ አሥር ብር ሰጠኝ።

ሰባ ብር፣ ሰማንያ፣ ርጥብ ኪሴ ውስጥ ሲሞቅ፣
ከመስኮቱ ጀርባ፣ መነጽሯን ዝቅ
አድርጋ፣ አንዲት ሠራተኛ አንገቷን አወጣች፤
ስምንቱን በእስክሪብቶዋ አንድ በአንድ ቆጠረች፤
አልደገመችም።
«ወንድም፣ የቀን ገቢህ ስንት ነው?» አለች።