ማን አለ?

ስልኬን አስደግፌ ከስኳሩ ጣሳ፣
የልብስ ማጠቢያው ከጀርባ ሲያገሳ፣
ቂርያት ጋት ላይ ሲመሽ፣ ማክሰኞ ማታ፣
ኦስናት ትመጣለች በመዳፍ ቦታ፣
ከሐይፋ፣ መነጽሯን ወደ ላይ ገፍታ።

ልጄን ታክላለች። እዚሁ ተወልዳ፣
አማርኛ ለአፏ እንደ ሩቅ እንግዳ።
«የቱ ጋ ያምሻል?»
                «ሆዴን» አልኳት፣ ሆዴን።
ሐኪም ቤት ይህንኑ ቃሌን እንዳለ አምነው፣
ሦስቴ ፎቶ አንስተው፣ ንጹሕ ነው፣ ንጹሕ ነው
ብለው ሸኝተውኛል።
እሷ ግን ዝም አለች፤ ቃል ፈለገች መሰል።
«ምን አለ?» ልትል ነው። ምላሷን አዳልጦት
«ሆድሽ ውስጥ ማን አለ?» አለችኝ።

ማን አለ?
ጀንበሩ አለ፤ ከነሥራ ሸሚዙ፣
ከነሳሉ፣ ከነኩርፊያው፣ ከነጓዙ።
ልናገር ስል ምስሏ ቀጥ አለ፤
አፏ እንደተከፈተ መስመሩ ተቋረጠ።
ለደረቀው ፊቷ፣ ለማይሰማኝ ጆሮ፣
አፈሰስኩት ሁሉን፣ የዓመቱን እሮሮ፦
ያንን አንድ ሸሚዝ፣ እድፍ የሌለበት፣
በየማክሰኞው እንደማጥብለት።

«ይቅርታ፣ ጠፋሁብሽ። ምን አልሽኝ?»

እጄን ወደ ኋላ ሰደድኩ፣ ማጠቢያውን አጠፋሁ።
ከመስታወቱ ጀርባ
ሸሚዙ ዞረ፣ ዞረና
ቆመ።
«ከየት ልጀምርልሽ?»