ኖራ

አቃቂ፣ ከክር ፋብሪካው ጓሮ፣
ቅዳሜ በጠዋት ኖራ በኬሻ ቋጥሮ
ጋሽ ሸዋንግዛው ያሰምራል፣ ጎንበስ ብሎ፣
አንድ እጁን ወገቡ ላይ ጥሎ።

«ጋሼ፣ ጠመመ!»
«ወገቤ ነው እንጂ ሜዳው መች ታመመ!

በሃምሳ አራት፣ ጥር ላይ፣ ስታዲየሙን ያሰመርኩ እኔ ነኝ።»
«ዋንጫውስ የት ደረሰ?» «እሱን አትጠይቁኝ።
አራቱ ጎል ሲገባ ከመረቡ ኋላ ነበርኩ፤
ሰው ወደ ኳሷ ሲያይ፣ እኔ ወደ መስመሬ ዞርኩ።
ጭማሪው ሰዓት አልቆ፣ ሰው በደስታ ሲያብድ፣
አንድ ስንዝር ነጭ የለም፤ በልቶታል የእግር መንገድ።»

ፊሽካ ተነፋ። የገላን ልጅ ክንፉን ይዞ በረረ፤
ጋሼ ዞሮ አየ፤ ነጩ ከታኬታ ሥር ቦኖ ቀረ።

ኬሻውን አራገፈ።
«ለሳምንት» አለ፣ «ትንሽ ተረፈ።»