ቆጣሪ

ሠላሳ አራት ዓመት ከደሴ ቧንቧ ጋር ኖርሁ፤
ጆሮዬን ከአስፋልት ደፍቼ የቱ እንደሚያፈስ ሰማሁ።
ከጦሳ ግርጌ ተነሥቶ እስከ ሰኞ ገበያ
የማላውቀው ቆጣሪ የለም፣ የማላውቀው መጋጠሚያ።
ውሃ ሲጠፋ «ሙሄ ቧንቧው ይጠራ!» ይባል ነበር፤
መፍቻዬን ይዤ ከተፍ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ ከሰፈር።

ጡረታ ወጣሁ። የሌሊት ተረኛ ሆንሁ ደግሞ፦
አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። ውሻችን መጮህ ትቶ፣ ደክሞ፣
ባትሪዬን ሲያይ ጭራውን ቆላ ያደርግና ይተኛል።
አራቴ። ከቆርቆሮው በር ጋ ውርጩ ቆሞ ይጠብቀኛል፤
ቆሜ እለምናለሁ፤
ጠብ… ጠብ… ይለኛል።

ግፊት የለም። በሥራዬ ጊዜ ምን ነበር የምለው?
«ምንጩ ካልደረቀ፣ መስመሩ አንገቱን የሚያንቀው አለው።»
ለሰው ቤት እንዲህ ነበርሁ። ለራሴ ሲሆን «ብርድ ነው» አልሁ፣
«ዕድሜ ነው» አልሁ፤ አብሽ ጠጣሁ፣ ተልባ ጠጣሁ፣
ሻይ ተውሁ።

መስጊድ የፊተኛው ሶፍ ላይ እቆም የነበርሁት
ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ጥጉን ያዝሁት።
ውዱእ አድርጌ ሳልጨርስ አንዲት ጠብታ ታመልጣለች፤
እንደገና እታጠባለሁ፤ እንደገና ትመጣለች።
«ሙሄ፣ ማን አስቀየመህ?» አለኝ አያ ሸጋው።
«ጉልበቴ ነው» አልሁት፤ ጉልበቴንስ ምን አገባው!

በረመዳን ዋዜማ ጭራሽ ተዘጋ።
ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ላብ ሲያጠምቀኝ እስኪነጋ፣
ልጄ በባጃጅ ጫነኝ፤ ጉድጓዱ ሁሉ ገደለኝ፤
(ያንን መንገድ ለቧንቧ ብዬ የቆፈርሁት እኔ ነኝ።)

ዶክተር ራውዳ ወጣት ናት፤ ከልጄ ታንሳለች፤
«ሽንት» ብላ በስሙ፣ «ዳቦ» እንደማለት ጠራች።
ቀጭን ቱቦ አስገብታ… ያን ጊዜ! አለቀስሁ፣ ሳቅሁ፤
«ውሃ መጣ!» ብሎ ሰፈር ለምን እንደሚጮህ ያኔ አወቅሁ።
ነርሱ ከረጢቱን አንሥቶ «ሊትር ተኩል!» ሲል ጻፈ፤
ቆጣሪ አንባቢው ተነበብሁ፤ እፍረቴም እዚያው ረገፈ።

«ግድግዳውን ይመልከቱ» አለች፣ ጓንት እያጠለቀች፤
«እጢው አድጓል፣ ሎሚ ያህላል፤ ግን ለስላሳ ነው» አለች።
ደም ሰጠሁ። በአልትራሳውንድ ፊኛዬን፣ ኩላሊቴን አየች።
ያችን ክፉ በሽታ በስሟ ልጠይቅ አፌ ተሳሰረ፤
እሷው ቀደመችኝ፦ «ምልክቱ የለም፤ ክትትል ግን አልቀረ።»
ማታ ማታ አንዲት እንክብል፤ «ሲነሡ ቀስ ብለው ይነሡ፤
እምቢ ካለ በውስጥ በኩል እንጠርበዋለን፤ በወሩ ይመለሱ።»

ቱቦው በወጣ ማግሥት ለጦይባ ሁሉን ነገርኋት፣
«ሽንት» ብዬ፣ በስሙ። ጣሪያ ጣሪያ ስታይ አገኘኋት።
«እኔስ?» አለች። «ዘይኑን ከወለድሁ፣ ሳስል፣ ስስቅ፣ ጀሪካን ሳነሣ…
ዐሥራ ስምንት ዓመት ጎህ ሳይቀድ፣ ጎረቤት ሳይነሣ
ቀሚስ የማጥበው ለምን መሰለህ?»
                                      ለጽዳቷ መስሎኝ!
ሰርግ ቤት በር በሩን የምትይዝ፣ «ሙቀት አይስማማኝ» ብላኝ።
ቦርከና ማዶ የፈሰሰን የሚሰማ ጆሮ
ከጎኑ ያለውን ሳይሰማ፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ኖሮ!

አብረን ወረድን። ሽንቷ ተመረመረ፤ ለኢንፌክሽኑ ክኒን፤
ለሚያመልጣት ግን ሥራ ሰጧት፦ «ጡንቻውን አጥብቂ፣ ዐሥር ቁጠሪ፣ ልቀቂ፤ ቀን በቀን።»
በሙስበሃ አትቆጥርም፤ «ነውር ነው» ብላ፣
ሽምብራ ታዛውራለች፣ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላ።

ዓርብ ለአያ ሸጋው እውነቱን አወጣሁ፤ ጉልበቴን ነፃ ለቀቅሁት፤
ዙሪያውን አየ፤ ጠጋ አለኝ፤ «ያችን ሐኪም ማን አልሃት?»

ዛሬ የተነሣሁት አንዴ ነው። (ትናንት ሦስቴ፤ አልዋሽም።)
ግድግዳ ይዤ ቀስ ብዬ ስመለስ፣ ጦይባ አልተኛችም፤
ጨለማው ውስጥ ጠቅ… ጠቅ… ሽምብራው ሳህን ሲመታ።
«ስንት ደረስሽ?» አልኋት።
                      «ዝም በል፤ ታሳስተኛለህ፤ ስድስት…» አለች በሹክሹክታ።